ለጌም ላፕቶፕ ስንመርጥ፦ ባለ 4.7 ጊጋኸርዙ ወይስ ባለ 4.4ቱ?

ሁለት ላፕቶፖች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል እንበል። የአንዱ ፕሮሰሰር (ስሌቱን የሚሠራው ዋና ቺፕ) ኢንቴል ኮር አይ7-1255ዩ ነው፤ ፍጥነቱ «እስከ 4.7 ጊጋኸርዝ» (በሰከንድ 4.7 ቢሊዮን ምት) ተብሎ ተጽፏል። የሌላው ኮር አይ5-12450ኤች ነው፤ «እስከ 4.4 ጊጋኸርዝ» ይላል። ስሙም ቁጥሩም ለመጀመሪያው ያደላል። ሁለቱም አንድ ዓይነት ግራፊክስ ካርድ (የጨዋታውን ምስል የሚሠራው ክፍል) ከተገጠመላቸው ግን ለጨዋታ የምመርጠው ሁለተኛውን ነው፤ ያውም ሳላመነታ።

ሁለቱም በ2022 የወጡ የ12ኛው ትውልድ ፕሮሰሰሮች ናቸው። የኮሮቻቸው (በፕሮሰሰሩ ውስጥ ሥራውን የሚከፋፈሉት ክፍሎች) ንድፍ አንድ ነው፤ ካሽ ሜሞሪያቸውም (በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ፈጣን ጊዜያዊ ማከማቻ) እኩል 12 ሜጋባይት ነው። የሚለያቸው በስማቸው መጨረሻ ላይ ያለችው ፊደል ናት። «ዩ» ለቀጫጭንና ባትሪ ለሚቆጥቡ ላፕቶፖች የተሠራ ሲሆን የመነሻ ኃይሉ 15 ዋት ነው፤ የ«ኤች» ደግሞ 45 ዋት ነው። አይ7ቱ ያሉት ትልልቅ (ፈጣን) ኮሮች 2 ብቻ ሲሆኑ የቀሩት 8ቱ ትንንሾች (ኃይል ቆጣቢዎች) ናቸው። አይ5ቱ 4 ትልልቅና 4 ትንንሽ ኮሮች አሉት።

4.7 ጊጋኸርዝ የሚገኘው ሥራው በአንድ ትልቅ ኮር ላይ ሲያርፍና ሙቀቱ ገና ሳይጨምር ነው፤ ያውም ለአጭር ጊዜ። ድረ ገጽ ለመክፈት ይህ ከበቂ በላይ ነው። ጨዋታ ግን ፋታ አይሰጥም። ግራፊክስ ካርዱም በበኩሉ ይግላል፤ በብዙ ላፕቶፖች ውስጥ ደግሞ ሁለቱ የሚሻሙት አንድ ማቀዝቀዣ ነው። ያን ጊዜ ባለ 15 ዋቱ ፕሮሰሰር ፍጥነቱን እየቀነሰ ይሄዳል። የመነሻ ፍጥነቱ 1.7 ጊጋኸርዝ መሆኑን ማስታወቂያ ላይ በጉልህ ጽፎ የሚለጥፍ ሻጭ መቼም አይኖርም። ሜዳ ላይ የፈጠነ ሁሉ አቀበቱን አይገፋም። እርግጥ አንዳንድ አምራቾች ለ«ዩ»ም ከ15 ዋት በላይ ይፈቅዱለታል፤ ስለዚህ የፕሮሰሰሩን ስም ብቻ ሳይሆን የላፕቶፑን ሙሉ ሞዴል ይዞ መጠየቅ ይበጃል።

አንድ ሁኔታ ግን ምርጫዬን ይገለብጠዋል። ለብቻው የተገጠመ ግራፊክስ ካርድ በሁለቱም ላይ ከሌለ ጨዋታውን የሚሸከመው ከፕሮሰሰሩ ጋር አብሮ የተሠራው ግራፊክስ ነው። በዚህ በኩል አይ7ቱ 96 የማስሊያ ክፍሎች ሲኖሩት አይ5ቱ ያሉት 48 ብቻ ናቸው። ለቀላልና ለቆዩ ጨዋታዎች አይ7ቱ ይሻላል፤ ራሙ (የላፕቶፑ የሥራ ሜሞሪ) ግን በሁለት ቻናል፣ ማለትም በሁለት መተላለፊያ፣ የሚሠራ መሆን አለበት። ራሙ በአንድ ቻናል ብቻ ከሆነ ግራፊክሱ ጉልበቱን ያጣል።

ታዲያ ጊጋኸርዝ ጭራሽ ዋጋ የለውም? አለው፣ እንደ ጨዋታው ይለያያል። ሳይበርፐንክ 2077ን በመሰሉ ምስላቸው በከበደ ጨዋታዎች ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚጨነቀው ግራፊክስ ካርዱ ነው። ካውንተር ስትራይክ 2 ወይም ቫሎራንት ከሆነና ስክሪኑ 144 ኸርዝ (በሰከንድ 144 ጊዜ ምስል የሚቀይር) ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በሰከንድ 144 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ለማግኘት ፕሮሰሰሩ እያንዳንዱን በ6.9 ሚሊሰከንድ ውስጥ አሰናድቶ ማቀበል አለበት፤ ለ60 ፍሬም 16.7 ሚሊሰከንድ ነበረው። ከዚህ ሥራ ብዙው በአንድ ኮር ላይ ስለሚያርፍ የዚያ ኮር ፍጥነት በግልጽ ይታያል። የሚታየው ግን ጨዋታው እየተካሄደ ያለው ፍጥነት ነው፤ ካርቶኑ ላይ የታተመው አይደለም።

የተለያየ ንድፍ ያላቸውን ፕሮሰሰሮች በጊጋኸርዝ ማወዳደር ከናካቴው አይጠቅምም። ፔንቲየም 4 በ2004 ገና 3.8 ጊጋኸርዝ ደርሶ ነበር፤ ዛሬ በ3 ጊጋኸርዝ የሚሠራ ኮር ጥሎት ይሄዳል። ከዴስክቶፕ በኩል ደግሞ የኤኤምዲን ራይዘን 7 5800ኤክስ3ዲ እንይ። ከፍተኛ ፍጥነቱ 4.5 ጊጋኸርዝ ነው፤ ከወንድሙ ከ5800ኤክስ በ0.2 ያንሳል። ካሽ ሜሞሪው ግን 96 ሜጋባይት ስለሆነ፣ የወንድሙ ደግሞ 32 ብቻ ስለሆነ፣ በአብዛኞቹ ጨዋታዎች ይበልጠዋል።

በአንድ ቤተሰብ ውስጥስ? ኮር አይ5-12500ኤች 4.5፣ አይ7-12700ኤች 4.7 ጊጋኸርዝ ይደርሳሉ። የፍጥነት ልዩነቱ 4 በመቶ ገደማ ነው። ለእሱ የሚጨመረውን ገንዘብ እኔ ብሆን ለግራፊክስ ካርዱ አውለዋለሁ። እዚያም ቢሆን ዋቱን መጠየቅ አይዘንጋ፤ አርቲኤክስ 4060 የተባለው የላፕቶፕ ግራፊክስ ካርድ እንደ አምራቹ ፍላጎት ከ35 እስከ 115 ዋት ድረስ ይሠራል፤ በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለው ልዩነት ከ0.2 ጊጋኸርዝ ጋር የሚነጻጸር አይደለም።

ከመግዛት በፊት መሞከር ከተቻለ ቻርጀሩን ሰክቶ ጨዋታውን ቢያንስ 20 ደቂቃ ማስኬድ ነው። በዊንዶውስ ታስክ ማናጀር ውስጥ የፕሮሰሰሩ ገጽ የወቅቱን ፍጥነት ያሳያል። ከዚያ የጨዋታውን ሬዞሉሽን ዝቅ አድርጎ የፍሬሙን ቁጥር ማየት። ፍሬሙ በደንብ ከጨመረ ማነቆው ግራፊክስ ካርዱ ነበር፤ ካልተነቃነቀ ፕሮሰሰሩ ነው።