ከወሊድ በኋላ የስኳር ምርመራዬን እንዳልዘነጋ ላደረጉኝ ሲስተር የቀረበ ምስጋና

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በእርግዝናና በወሊድ ክትትሌ ወቅት የረዱኝን አንዲት አዋላጅ ነርስና አብረዋቸው የሚሠሩትን የላቦራቶሪ ባለሙያ በአደባባይ ለማመስገን ነው። ሁለቱም ስማቸው እንዲጠቀስ ስላልፈለጉ ፈቃዳቸውን አከብራለሁ። ይሁን እንጂ የሠሩትን በዝርዝር መናገሬ፣ በእርግዝናቸው ወቅት ስኳር የተገኘባቸው ሌሎች እናቶች ከወለዱ በኋላ ምን ዓይነት ምርመራ መጠየቅ እንዳለባቸው ያሳያል ብዬ አምናለሁ።

ስኳሩ የተገኘብኝ በ26ኛው ሳምንት ነበር። እስክወልድ ድረስ በየቀኑ ጣቴን እየወጋሁ ስለካ ቆየሁ፤ ልጄ በሰላም ተወልዶ በማግስቱ የደም ስኳሬ ወደ ጤናማው መጠን ሲመለስ እኔም ቤተሰቤም ነገሩ አለቀ ብለን አረፍን። ሲስተር ግን ከሆስፒታል ከመውጣቴ በፊት አልጋዬ አጠገብ ተቀምጠው፣ የእንግዴ ልጁ ሆርሞኖች የደም ስኳርን የሚቆጣጠረው ኢንሱሊን ሥራውን በሚገባ እንዳይሠራ ያደርጉ እንደነበረና እንግዴ ልጁ ሲወጣ ያ ጫና እንደተነሣ አስረዱኝ። ጫናው ቢነሣም፣ ኢንሱሊን የሚያመነጨው ቆሽቴ ያን ሸክም መቋቋም አለመቻሉ ግን ታይቷል። በእርግዝና ስኳር የነበረባት ሴት፣ ካልነበረባት ሴት ይልቅ ወደፊት በሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ የመያዝ ዕድሏ ብዙ እጥፍ እንደሚበልጥም የነገሩኝ ሳያስደነግጡኝ፣ ነገር ግን ሳያቃልሉም ነው። ከዚያም የስኳር ምርመራ ቀጠሮዬን በልጄ የክትባት ካርድ ላይ ጻፉት። «እናት የራሷን ቀጠሮ ትረሳለች፤ የልጇን ክትባት ግን አትረሳም» አሉኝ።

እውነታቸውን ነበር። ምርመራው ከወሊድ በኋላ ከ4ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ መደረግ ሲኖርበት፣ እንቅልፍ ባጣሁበት በዚያ የአራስነት ጊዜ ስለ ራሴ የማስብበት ፋታ አልነበረኝም። በመሃል ለሌላ ጉዳይ በሄድኩበት አንድ ክሊኒክ ምግብ ከበላሁ በኋላ ጣቴን ወግተው ለኩኝና ጤነኛ ነሽ ስለተባልኩ ሌላ ምርመራ የማያስፈልገኝ መስሎኝ ነበር። በ8ኛው ሳምንት ሲስተር ራሳቸው ደወሉልኝ። የጣት መለኪያው ለዕለት ተዕለት ክትትል የሚጠቅም እንጂ በሽታው መኖር አለመኖሩን ለመወሰን የሚያገለግል መሣሪያ እንዳልሆነ ነግረውኝ፣ በማግስቱ በባዶ ሆዴ እንድመጣ አደረጉ።

ሦስት ወር ያህል ወደ ኋላ ያለውን የደም ስኳር አማካይ የሚያሳየውና መጾም የማይጠይቀው የኤዋንሲ (HbA1c) የደም ምርመራ ለምን አይበቃኝም ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። በእርግዝና ወቅት ቀይ የደም ሕዋሳት ቶሎ ቶሎ ስለሚተኩ፣ በወሊድ ጊዜም ደም ስለሚፈስ፣ በእነዚያ ሳምንታት የሚወሰደው ውጤት ከእውነተኛው ዝቅ ብሎ ሊያሳስት እንደሚችል መለሱልኝ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሳይሰለቹ የሚመልስ ባለሙያ ማግኘት ትልቅ ነገር ነው።

የላቦራቶሪ ባለሙያው መጀመሪያ በባዶ ሆዴ ደም ቀዱ፤ ቀጥሎ 75 ግራም ግሉኮስ በውኃ በጥብጠው በ5 ደቂቃ ውስጥ ጠጥቼ እንድጨርሰው ሰጡኝና ሰዓቱን መዘገቡ። ለሁለት ሰዓት ሳልንቀሳቀስ መቀመጥ ነበረብኝ፤ ልጄን ማጥባት ግን እንደምችል ነግረውኝ ጸጥ ያለ ቦታ ፈለጉልኝ። ከሁሉ ይልቅ የማረከኝ ለናሙናው ያደረጉት ጥንቃቄ ነው። በብልቃጡ ውስጥ ያሉት የደም ሕዋሳት ስኳሩን መጠቀማቸውን ስለሚቀጥሉ፣ ደሙ ሳይሠራ በቆየ ቁጥር ውጤቱ ዝቅ እያለ ይሄዳል። እርሳቸውም ሁለቱንም ናሙናዎች ለዚሁ በተዘጋጀው ብልቃጥ ቀድተው፣ ወረፋ ሳይጠብቁ ወዲያውኑ ሠሩዋቸው።

በባዶ ሆዴ የተለካው 94 ሚሊግራም በዴሲሊትር ሲሆን ጤናማ ነበር። የሁለት ሰዓቱ ግን 168 ሆነ። ከ140 በታች ጤናማ፣ 200 እና ከዚያ በላይ የስኳር በሽታ ምልክት ስለሆነ፣ የእኔ ውጤት በመካከል ባለው የቅድመ ስኳር ደረጃ ላይ ወደቀ። ሲስተር አጥብቀው የሁለት ሰዓቱን ምርመራ ባያሠሩኝ ኖሮ፣ በባዶ ሆድ በተገኘው ቁጥር ብቻ ተደስቼ ወደ ቤቴ እመለስ ነበር። ያን ባሰብኩ ቁጥር ምስጋናዬ ይጨምራል።

ከዚያ በኋላ ወደ ሐኪም አስተላለፉኝ፤ አዘውትሬ መራመድና በእርግዝና የጨመርኩትን ክብደት ቀስ በቀስ መቀነስ ጀመርኩ፤ ማጥባቱም ለእኔ ጭምር እንደሚጠቅመኝ ስለተነገረኝ ገፋሁበት። ከአንድ ዓመት በኋላ ምርመራው ሲደገም የሁለት ሰዓቱ ውጤት 131 ሆነ። ይህም ቢሆን ክትትሉ እንደማያበቃ፣ በየዓመቱ መመርመር እንዳለብኝና ሌላ ልጅ ካሰብኩም ከመጸነሴ በፊት እንድመጣ ሲስተር አስጠንቅቀውኛል።

በእርግዝናችሁ ስኳር የነበረባችሁ እህቶቼ፣ ልጃችሁ አሁን ትልቅ ቢሆንም እንኳ ይህን ምርመራ ጠይቁ። ውጤቱን በቁጥር የሚነግራችሁን፣ ቀጣዩን ቀጠሮ ሳይሰጥ የማያሰናብታችሁን ባለሙያ ፈልጉ፤ እኔ ያገኘኋቸው ሁለቱ እንደዚህ ያሉ ናቸው። ሲስተር፣ ይህን ካነበቡት፣ ያ የክትባት ካርድ አሁንም በእጄ አለ፤ የሚቀጥለውን ቀጠሮዬንም እርስዎ ከጻፉት ሥር በራሴ እጅ ጽፌዋለሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።