የነርስነት ፈቃድ «ጨርሰን እናስረክባለን» ከሚሉ ኤጀንሲዎች ተጠንቀቁ

ውጭ አገር ሄዳችሁ በነርስነት ለመሥራት የምትዘጋጁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ እኔ የገባሁበት ውል እናንተንም እንዳያስር ብዬ ይህን እጽፋለሁ። ኤጀንሲው «ጠቅላላ አገልግሎት» ብሎ ባስከፈለኝ ገንዘብ ማመልከቻውን ሊሞላ፣ የትምህርት ማስረጃዬን ሊያስመረምርና ፈቃዱን ሊያስረክበኝ ተስማምቶ ነበር። ፈቃድ የሚሰጠው ግን የአገሩ ተቆጣጣሪ አካል ብቻ ነው፤ ኤጀንሲው የሸጠልኝ በእጁ የሌለውን ነገር ነበር።

አሜሪካን ብንወስድ ፈቃድ የሚሰጠው የየክፍለ ግዛቱ የነርሲንግ ቦርድ ሲሆን፣ አመልካቹ ራሱ ተቀምጦ ኤንክሌክስ የሚባለውን የነርስነት ፈቃድ ፈተና ማለፍ አለበት፤ ፈተናው ከ85 እስከ 150 ጥያቄዎች ያሉት፣ ቢበዛ 5 ሰዓት የሚፈጅና የመመዝገቢያ ክፍያው 200 ዶላር የሆነ ነው። በእንግሊዝ ደግሞ የነርሶችና የአዋላጆች ምክር ቤት በኮምፒውተር ከሚሰጠው ፈተና በተጨማሪ ኦስኪ የሚባለውን የተግባር ፈተና እዚያው አገር ገብቶ መውሰድን ይጠይቃል። ከእነዚህ አንዱንም ኤጀንት ሊፈተንላችሁ አይችልም።

እኔን ክፉኛ የጎዳኝ የትራንስክሪፕቱ ጉዳይ ነው። መርማሪው ተቋም ማስረጃውን የሚቀበለው ከትምህርት ቤቱ በቀጥታ፣ በታሸገና ማኅተም በተደረገበት ፖስታ ሲላክለት ብቻ ሆኖ ሳለ፣ የኤጀንሲው ሠራተኛ «ኮፒ እናስቀርለት» ብላ ፖስታውን ከፍታ፣ መልሳ በማጣበቂያ ለጥፋ ላከችው። ማስረጃው ውድቅ ተደረገ። ውድቅ መደረጉን እንኳ ያወቅሁት ከወራት በኋላ ነበር፤ ምክንያቱም የማመልከቻው አካውንት የተከፈተው በእነርሱ ኢሜይል ስለነበር፣ የጎደለው እንዲሟላ የተጻፈው ማሳሰቢያ ለእኔ ሳይደርስ የጊዜ ገደቡ አልፏል።

ገንዘቤን ስጠይቅ ያሳዩኝ በውሉ መጨረሻ ገጽ በደቃቅ ፊደል የሰፈረውን አንቀጽ ነው። የተከፈለ ገንዘብ አይመለስም፤ ከዚያም አልፎ የምመደብበትን ሥራ ሦስት ዓመት ሳይሞላ ብለቅ ቅጣት እከፍላለሁ። ሳላነብ መፈረሜ የእኔ ጥፋት ነው፤ ሆኖም የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1997 ያወጣው ቁጥር 181 ስምምነት የግል ሥራ አገናኞች ከሠራተኛው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ክፍያ እንዳይጠይቁ በመርህ ደረጃ የሚከለክል መሆኑን ያን ጊዜ ባውቅ ኖሮ፣ ገና ሲያስከፍሉኝ እጠረጥር ነበር።

«ያለ ፈተና» ወይም «በአቋራጭ ዲፕሎማ» የሚሏችሁ ካሉ ደግሞ ጉዳዩ ከገንዘብ ኪሳራም የከፋ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2023 ፍሎሪዳ ውስጥ ከ7,600 በላይ ሐሰተኛ የነርሲንግ ዲፕሎማ በመሸጥ 25 ሰዎች ተከስሰዋል።

እንዲህ ያለ ውል አስቀድማችሁ የፈረማችሁ ካላችሁ፣ አካውንታችሁ በማን ኢሜይል እንደተከፈተ ዛሬውኑ አረጋግጡ፤ በኤጀንሲው ስም ከሆነም ለተቆጣጣሪው አካል ራሳችሁ ጽፋችሁ በእናንተ ኢሜይል እንዲተካ ጠይቁ፣ የይለፍ ቃሉንም ለማንም አትስጡ።