የሕግ እንግሊዝኛ መስተዋድዶችን የሚያስተምረው ኮርስ፦ ትምህርቱ ግሩም፣ ማረሚያው ግን ይስተካከል

በእንግሊዝኛ ውል ለምታረቅቁ፣ ለምትተረጉሙ ወይም መደበኛ ደብዳቤ ለምትጽፉ ሁሉ ይህን ኮርስ ውሰዱት እላለሁ። ለዕለት ተዕለት ንግግር ለሚፈልገው ግን አይሆንም። ኦንላይን ነው፣ ቪዲዮና መልመጃ አለው፤ የሚያስተምረውም አንድ ጠባብ ነገር ብቻ ነው፦ በሕግና በመደበኛ ጽሑፍ ውስጥ የሚገቡ የመስተዋድድ ሐረጎችን።

ጠባብ ይሁን እንጂ ቀላል አይደለም። እኛ «በ»ን ይዘን በሕግ፣ በጠዋት፣ በቢሮ፣ በብዕር እንላለን። እንግሊዝኛው ለየቦታው ሌላ ቃል ይፈልጋል። ኮርሱ ደግሞ ሐረጎቹን ደርድሮ «ሸምድዱ» አይልም። እያንዳንዱን ውል ውስጥ አስገብቶ፣ መስተዋድዱ ሲቀየር ማን ምን እንደሚያጣ ያሳያል። የወደድኩለት ይህን ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው የጊዜ ክፍሉ ነው። «ሻጩ ዕቃውን እስከ ዓርብ ያስረክባል» እና «ሻጩ ዕቃውን እስከ ዓርብ ያቆያል» ስንል «እስከ» አንድ ነው፤ በእንግሊዝኛ ግን የመጀመሪያው «ባይ»፣ ሁለተኛው «አንቲል» ነው። አንዱ የመጨረሻውን ቀን ይወስናል፣ ሌላው ነገሩ እስከ መቼ እንደሚቀጥል ይናገራል። ከዚያ ወደ ኤልሲ (ባንክ ሰነድ ሲቀርብለት ለሻጩ እንደሚከፍል ቃል የሚገባበት ሰነድ) ይገባል፤ እዚህ ላይ ቪዲዮውን እያቆምኩ ነው ያየሁት። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2007 ጀምሮ የሚሠራበት የዓለም አቀፉ ንግድ ምክር ቤት ደንብ፣ ማለትም ዩሲፒ 600፣ አንቀጽ 3 ላይ እነዚህን ትንንሽ ቃላት አንድ በአንድ ይተረጉማቸዋል። ዕቃ ስለሚጫንበት ጊዜ ሲሆን «ቱ»፣ «አንቲል»፣ «ፍሮም» እና «ቢትዊን» የተጠቀሰውን ቀን ይጨምራሉ፤ «ቢፎር» እና «አፍተር» አይጨምሩም። ክፍያ የሚደርስበትን ቀን ለመቁጠር ሲሆን ግን ያው «ፍሮም» ቀኑን አይጨምርም! «ኦን ኦር አባውት» ከተባለ ደግሞ ከተጠቀሰው ቀን 5 ቀን በፊት ጀምሮ እስከ 5 ቀን በኋላ ድረስ ነው፣ ሁለቱም ጫፎች ይቆጠራሉ። ባንክና አስመጪ ላይ የሚሠራ ሰው ለዚህ ክፍል ብቻ ብሎ ቢመዘገብ አይቆጨውም።

ሌላው ጠንካራ ክፍል የአንቀጾችን ቅደም ተከተል የሚወስኑት ሐረጎች ናቸው። «ሰብጀክት ቱ አንቀጽ 9» ከተባለ፣ ሁለቱ ሲጋጩ አንቀጽ 9 ይበልጣል። «ኖትዊዝስታንዲንግ አንቀጽ 9» ከተባለ ተቃራኒው ነው። «ዊዝአውት ፕሪጁዲስ ቱ» ደግሞ ሌላው መብት ሳይነካ ማለት ነው። ከዚህ ሐረግ ላይ «ቱ» ወድቃ ደብዳቤው አናት ላይ «ዊዝአውት ፕሪጁዲስ» ብቻ ሲጻፍ ነገሩ ሌላ ይሆናል፦ በእንግሊዝ ሕግ፣ ክርክርን በስምምነት ለመጨረስ ከልብ የተጻፈ ደብዳቤ በመሠረቱ ፍርድ ቤት በማስረጃነት አይቀርብም። አስተማሪዋ ይህን ሳትቸኩል፣ ከሁለት ደብዳቤዎች ጋር እያነጻጸረች ነው የምታስረዳው።

«ላያብል» (ተጠያቂ) ሲባል «ላያብል ፎር» ለጉዳቱ፣ «ላያብል ቱ» ለተጎዳው ሰው መሆኑን፣ «ኢን ዘ ኢቨንት ኦፍ» ስም፣ «ኢን ዘ ኢቨንት ዛት» ሙሉ ዓረፍተ ነገር እንደሚከተለው በአጭሩ ያልፋቸዋል። ይበቃል።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። የመልመጃው አውቶማቲክ ማረሚያ የአሜሪካንን አጻጻፍ ብቻ ነው የሚያውቀው። «በተመለከተ» ለማለት «ኢን ሪስፔክት ኦፍ» ብላችሁ ስትመልሱ ስህተት ይላል፣ «ዊዝ ሪስፔክት ቱ» ካላላችሁ አይቀበልም። የእንግሊዝ ውሎች እኮ በመጀመሪያው ሐረግ የተሞሉ ናቸው! ተማሪው ትክክለኛውን ነገር ስህተት ነው ብሎ ይዞ ይወጣል፣ ይህ ደግሞ ገንዘብ ለሚከፈልበት ትምህርት ከባድ ጉድለት ነው። ጻፍኩላቸው፣ «እናየዋለን» አሉ፣ እስካሁን ግን እንዳለ ነው። «ዊዝ ሪጋርድስ ቱ» ላይ ያለችውን ትርፍ ኤስ ግን ስህተት ብሎ በትክክል ይይዛታል፤ በመደበኛ ጽሑፍ «ዊዝ ሪጋርድ ቱ» ነው የሚባለው።

ሁለተኛው ቅሬታዬ ከባድ ሐረጎችን ሲያበዛ ነው። «ፐርሱዋንት ቱ» (በ... መሠረት) በሚለው ቦታ ብዙ ጊዜ «አንደር» ይበቃል፣ «ፕራየር ቱ» ማለትም «ቢፎር» ነው። ይህን የሚናገረው መጨረሻው ክፍል ላይ ብቻ ነው፣ ያውም በችኮላ። ተማሪው እስከዚያ ድረስ ረጅሙን ለምዶት ይቆያል። ስለዚህ ብትመዘገቡ የመጨረሻውን ክፍል አስቀድማችሁ እዩት፣ ከዚያ ወደ ጊዜው ክፍል ሂዱ። የማረሚያውን ነጥብ ደግሞ የእንግሊዝ ውል ላይ የምትሠሩ ሰዎች እንደ መጨረሻ ፍርድ አትውሰዱት፤ መልሱን ከምትሠሩበት ሰነድ ጋር እያመሳከራችሁ ቀጥሉ።