ለቅርስ ጥበቃ፦ ማኅበር ወይስ በቦርድ የሚመራ ድርጅት?

በግንብ የታጠረችውን የሐረር ጁገልን ቅርስ የሚጠብቅ ድርጅት ልታቋቁሙ ነው እንበል። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ሁለቱንም ይፈቅዳል።

መሥራች፦ ማኅበር ቢያንስ 5 አባላት ይፈልጋል። በቦርድ ለሚመራው 2 ይበቃሉ።

ውሳኔ፦ በማኅበር የመጨረሻው ቃል የጠቅላላ ጉባኤው ነው። ያው ታውቁታላችሁ፣ ሰርግና ለቅሶ ከገጠመ ምልዓተ ጉባኤ አይሞላም። ክረምቱ ግን አይጠብቅም፤ የሚያፈስ ጣሪያ ቶሎ ካልተጠገነ ግድግዳውን ይዞ ይወርዳል። ቦርድ እዚህ ላይ ፈጣን ነው።

አመኔታ፦ ማኅበር ይበልጣል። የሐረር እናቶች ግድግዳ ላይ የደረደሩትን ስፌት አውርደው የሚያሳዩት ለሚያውቁት የሰፈር ልጅ ነው። ከደብዳቤና ከማኅተም ይልቅ ዝምድና ይሠራል።

ወጪ፦ ልዩነት የለም። የአስተዳደር ወጪ በሁለቱም ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ አይበልጥም።

በየቤቱ ያለ ዕቃና ትውፊት ለመሰብሰብ ማኅበር ያዋጣል። በለጋሽ ገንዘብ ሕንፃ ለማደስ ከሆነ ቦርዱ ይሻላል።