ለሞላ ሲሙሌሽን ከመክፈላችሁ በፊት የላዩንና የታቹን ኃይል አስተያዩ

በጅማና በአካባቢዋ የቡና ማሽን የምትሠሩ ባለሙያዎች፣ የሞላ ስሌት በኮምፒውተር ለማሠራት ካሰባችሁ፣ እኔ የገባሁበት ውል እንዳይደርስባችሁ ይህን ጽፌያለሁ።

ሂርማታ አካባቢ ባለው ወርክሾፔ ለምሠራው ተርገብጋቢ የቡና ወንፊት፣ የሽቦው ውፍረት 4 ሚሊ ሜትር፣ የጥቅሉ አማካይ ስፋት (ዲያሜትር) 32 ሚሊ ሜትር፣ የሚታመቁት ዙሮች 8 የሆነ ሞላ መርጬ፣ የፋይናይት ኤለመንት ትንተና (ዕቃውን በኮምፒውተር ወደ ትንንሽ ክፍሎች ከፋፍሎ ጥንካሬውን ማስላት) እንሠራለን ላሉኝ ሰዎች 18,000 ብር በሙሉ ቀድሜ ከፈልኩ። ሪፖርቱ ሞላው 40 ሚሊ ሜትር ሲታመቅ 520 ኒውተን እንደሚሸከምና ስሌቱ ያለ ስሕተት እንደተጠናቀቀ ይገልጻል። ይህንኑ አምኜ ሞላዎቹን አስጠቀለልኩ፤ ወንፊቱ ግን ከታሰበው በላይ ዝቅ ብሎ ከፍሬሙ ጋር ይጋጭ ጀመር። አንዱን ሞላ አውጥቼ ክብደት ብጭንበት 40 ሚሊ ሜትር ለመውረድ 39 ኪሎ ገደማ በቃው፤ ሪፖርቱ እንደሚለው ቢሆን 53 ኪሎ ሊፈልግ ይገባ ነበር።

የሚያንገበግበኝ ይህን በወረቀትና በእርሳስ ማወቅ መቻሌ ነው። የሽቦው ውፍረት አራት ጊዜ በራሱ ሲባዛ 256 ይሆናል፤ ይህ በብረቱ የመጠምዘዝ ጥንካሬ፣ ማለትም በ79,000 ሜጋ ፓስካል ተባዝቶ፣ ለ8፣ ለዙሮቹ ብዛትና ሦስት ጊዜ በራሱ ለተባዛው አማካይ ስፋት ሲካፈል፣ ለእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር 9.6 ኒውተን፣ ለ40 ሚሊ ሜትር ደግሞ 386 ኒውተን ያህል ይሰጣል።

የስሌቱን ፋይል በብዙ ልመና ተቀብዬ ለሚያውቅ ሰው ሳሳየው ነገሩ ግልጽ ሆነ። በኖንሊኒየር ስሌት፣ ማለትም ጥንካሬው በጭነቱ መሃል በሚለወጥበት ስሌት፣ ሶፍትዌሩ ጭነቱን በትንሽ በትንሹ እየጨመረ፣ በየደረጃው የውስጡና የውጩ ኃይል እስኪመጣጠኑ ድረስ ደጋግሞ ያሰላል። ጫፍ ላይ ያሉት ዙሮች መነካካት ሲጀምሩ የሞላው ጥንካሬ በድንገት ስለሚለወጥ ስሌቱ አልረጋ ብሎ ይቆማል፤ የኮንቨርጀንስ ችግር የሚባለው ይህ ነው። ሰዎቹ ምክንያቱን ከመፈለግ ይልቅ ዙሮቹ ሲነካኩ እንዲገፋፉ የሚያደርገውን ኮንታክት የሚባል ትእዛዝ አጥፍተው፣ የሚፈቀደውን ስሕተት አስፍተው፣ ስሌቱ እንዳይቆም እንቅስቃሴውን የሚይዝ ሰው ሠራሽ ማረጋጊያ ኃይል (ዳምፒንግ) በብዛት ጨምረውበት ነበር። ምስሉን ቀረብ አድርገን ስናየው ሽቦው በሽቦው ውስጥ አልፏል። ሁለቱ እኩል መሆን ሲገባቸው፣ ከላይ የሚገፋው ሳህን 520 ኒውተን ሲያሳይ ከታች ያለው የተሸከመው 388 ብቻ ነበር፤ ልዩነቱን የዋጠው በገሃዱ ሞላ ላይ የሌለው ዳምፒንግ ነው።

ችግሩ በቅንነት የሚፈታበት መንገድ አለ። የተወሰነ ኃይል ከመጫን ይልቅ ሳህኑን በተወሰነ ርቀት ማውረድ፣ የመጀመሪያዎቹን እርምጃዎች ማሳነስ፣ በሚነካካው ቦታ ሜሹን (ሞላው ለስሌት የተከፋፈለባቸውን ክፍሎች) ይበልጥ ማድቀቅ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ዳምፒንግ ግድ ከሆነም የወሰደው ኢነርጂ ሞላው ከያዘው አንጻር እጅግ ትንሽ መሆኑ በሪፖርቱ መታየት አለበት። የሳህን ቅርጽ ያለው ሞላ የምታሠሩ ከሆነ ደግሞ፣ የሾጣጣው ከፍታ ከውፍረቱ 1.41 እጥፍ ሲበልጥ ሞላው በድንገት ሊገለበጥ ስለሚችል፣ ኃይሉ መሃል ላይ ቢቀንስም ስሌቱ እንዲቀጥል የሚያደርገውን የአርክ ሌንግዝ ዘዴ መጠቀማቸውን ጠይቁ።

ውል ስትገቡ ግማሹን ብቻ ክፈሉ፤ ቀሪውን የስሌቱን ፋይል፣ የላይና የታች ኃይሎቹን ሰንጠረዥ እንዲሁም የኢነርጂውን ግራፍ ስትረከቡ ስጡ። እኔን ፋይሉ «የድርጅቱ ምስጢር ነው» ብለው ለሦስት ሳምንት አመላልሰውኛል፤ ገንዘቤንም እስካሁን አልመለሱልኝም።