የቆየ ሃይሉክስ ልትገዙ ነው? ማኑዋሉን ወይስ አውቶማቲኩን

አስራ አምስት ሃያ አመት የሰራ ፒካፕ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ሞተሩን ነው የሚያየው፣ ቀጥሎ ሻንሲውን፣ ከዛ ጎማውን፣ ካምቢዮውን ግን «ማኑዋል ነው አውቶማቲክ?» ብሎ ጠይቆ ያልፈዋል። በዚህ እድሜ ላለ መኪና ካምቢዮው ከሞተሩ እኩል መታየት አለበት ባይ ነኝ፣ በተለይ አሁን። ከ2016 ዓ.ም ጀምሮ የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ ሀገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ሰው ያለውን መኪና አጥብቆ ነው የያዘው፣ የቆየውም ዋጋው ቀላል አይደለም፣ ስለዚህ ያን ያህል ብር ከፍላችሁ በወሩ ካምቢዮ ማስወረድ በጣም ነው የሚያናድደው።

ሀሳቤን ከፊት ልናገር። ከከተማ ለሚወጣ፣ ለሚጭን፣ ሹፌር ለሚቀያየርበት ፒካፕ ማኑዋል ግዙ። አዲስ አበባ ውስጥ ለሚውልና አንድ ሰው ለሚነዳው ደግሞ አውቶማቲክ ጥሩ ነው፣ ግን ካምቢዮው ጤነኛ መሆኑ ከተረጋገጠ ብቻ። የተጠረጠረ ማኑዋል ዋጋ ተቀንሶ ይገዛል፣ የተጠረጠረ አውቶማቲክ ግን ዋጋ ቢቀነስም አይገዛም።

ለምን እንደሆነ ላስረዳ። ማኑዋል ላይ በብዛት የሚያልቀው ፍሪሲዮኑ ነው፣ ሸራው፣ ማቀፊያው፣ ኩሽኔታው። ካምቢዮው ይወርዳል፣ ሶስቱም አንድ ላይ ይቀየራሉ፣ ቮላኖው፣ ማለትም ሸራው የሚያርፍበት የሞተሩ ከባድ ዲስክ፣ ከተበላ ቶርኖ ቤት ሄዶ ይስተካከላል፣ በቃ መኪናው ወደ ስራው ይመለሳል። ይሄን ስራ ባህር ዳርም፣ ጅማም፣ ሻሸመኔም የሚሰራ ጋራዥ አታጡም፣ ዕቃውም መርካቶ ሶማሌ ተራ ለሃይሉክስ ከሆነ አይጠፋም። አውቶማቲክ ግን ውስጡ ብዙ ሸራዎች፣ ዘይት የሚያመላልስ የቫልቭ ቦዲ፣ የዘይቱን መንገድ በኤሌክትሪክ የሚከፍቱና የሚዘጉ ሶሌኖይዶች፣ ከፊቱ ደግሞ በፍሪሲዮን ፈንታ የሞተሩን ጉልበት በዘይት የሚያስተላልፍ ቶርክ ኮንቨርተር አለው፣ አንዱ ሸራ ሲቃጠል ብናኙ በዘይቱ ሁሉም ቦታ ይደርሳል፣ ስለዚህ «እሱን ብቻ ቀይርልኝ» የሚባል ነገር የለም፣ ተፈቶ ታጥቦ ነው የሚገጠመው። አውቶማቲክ ፈትቶ በትክክል የሚገጥም ባለሙያ ደግሞ አዲስ አበባም ቢሆን ተፈልጎ ነው የሚገኘው። ብዙ ሰው ኦቨርሆል ከማድረግ፣ ማለትም ፈትቶ ከማደስ፣ ያገለገለ ካምቢዮ ገዝቶ መቀየር ይመርጣል፣ ያ የተገዛው ደግሞ ውስጡ ምን እንደሆነ ማንም አያውቅም።

አሁን ስለ ከተማ እናውራ፣ እዚህ ላይ አውቶማቲክን መበደል አልፈልግም። ጠዋት መገናኛ ወይ ሜክሲኮ ላይ አንድ ሰዓት የቆመ ሰው ያውቀዋል፣ ግራ እግር ፍሪሲዮን ላይ ሲወጣ ሲወርድ ይውላል፣ ጉልበት የሚያመው ሰው ደግሞ ይብስበታል። ከቸርችል ጎዳና ወደ ፒያሳ ስትወጡ መንገዱ ተዘግቶ ዳገቱ ላይ ብትቆሙ፣ ከኋላችሁ ታክሲ ተጠግቶ ቢቆም፣ ማኑዋል የያዘ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በግማሽ ፍሪሲዮን ነው መኪናውን የሚይዘው፣ የእጅ ፍሬን መሳብ ይሰለቻል፣ እንዲህ እየተደረገ ነው ሸራው ጊዜው ሳይደርስ የሚያልቀው። አውቶማቲክ ላይ ፍሬን ትለቃላችሁ ነዳጅ ትነካላችሁ ይሄዳል። ኮንቨርተሩ ከቆመበት ሲነሳ የሞተሩን ጉልበት ወደ እጥፍ ስለሚያበዛው ጭኖም ቢሆን ዳገት ላይ አነሳሱ ለስላሳ ነው። ጭቃም ውስጥ ቢሆን ፎርዊል ሎው (አራቱም ጎማ በከባድ ማርሽ) አስገብቶ ቀስ ለሚል ሰው አውቶማቲክ ጎበዝ ነው፣ ማርሽ ለመቀየር ጉልበቱ ስለማይቋረጥ ጎማው ሳይቆም ይወጣል።

የሞተሩን አይነት ግን አብራችሁ እዩ። የድሮው ሃይሉክስ ባለ 2.8 ናፍጣ ሞተር፣ ቱርቦ የሌለው፣ 90 ፈረስ ጉልበት ገደማ ነው ያለው፣ እሱም ባህር ጠለል ላይ ሲለካ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አምስት እጅ አንዱን ያህል እዚህ ያጣል። በዛ ላይ ባለ አራት ማርሽ አውቶማቲክ ካለው ኮንቨርተሩ የሚበላው ተጨምሮ ዳገት ላይ ያንቀራፍፋችኋል፣ ማርሹም መሃል ላይ እየወረደ እየወጣ ዘይቱን ያሞቃል። ስለዚህ ቱርቦ ከሌለው አታመንቱ፣ ማኑዋል። አውቶማቲክ ካማራችሁ እንደ ሃይሉክስ ቪጎው 3.0 ዲ-ፎር-ዲ ናፍጣ ያለ ቱርቦ ያለው ይሁን። ነዳጅ ላይም ልዩነት አለ፣ የቆዩት ባለ አራት ማርሽ አውቶማቲኮች በ100 ኪሎሜትር አንድ ሊትር ገደማ ወይም ከዛ በላይ ይጨምራሉ፣ ጭነትና መጨናነቅ ሲኖር ይሄ ይሰፋል፣ ለራሱ ጉዳይ ትንሽ የሚነዳ ሰው ላይሰማው ይችላል፣ በቀን ብዙ ለሚሮጥ ግን በወር ሲደመር ይታያል።

ገጠር የሚወጣ ሰው ቁልቁለቱን ያስብ። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ስትወርዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው በአንዴ የምትወርዱት፣ ጭኖ የሚወርድ ፒካፕ በፍሬን ብቻ ከተያዘ የፍሬኑ ሸራ ይግላል። ማኑዋል ሁለተኛ ወይም ሶስተኛ ማርሽ ላይ ሲሆን ሞተሩ ራሱ ይይዘዋል። አውቶማቲክም ይይዛል፣ ኦቨርድራይቩ (ለፈጣን ጉዞ የሚገባው የመጨረሻው ማርሽ) ጠፍቶ ማርሹ ወደ 2 ወይም ኤል ከወረደ፣ ግን የቆየው አይነት ኮንቨርተሩ ስለሚለቅ አያያዙ እንደ ማኑዋል ጥብቅ አይደለም፣ ብዙ ሹፌርም ዲ ላይ አድርጎ ነው የሚወርደው። ሌላው ባትሪ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ጠዋት በዛ ብርድ ባትሪ ቢደክም ማኑዋሉን ሁለት ሶስት ሰው ገፍቶ ያስነሳዋል። አውቶማቲክ በግፊ አይነሳም፣ ባትሪ ወይም ኬብል ይዞ የሚመጣ ሰው መጠበቅ ነው። ተበላሽቶ ቢጎተትም ዝም ብሎ ዜሮ ማርሽ ላይ አድርጎ አይጎተትም፣ ሞተሩ ሲጠፋ የካምቢዮው የዘይት ፓምፕ ስለማይዞር ውስጡ እየደረቀ ነው የሚሄደው፣ ፎር ባይ ፎር ከሆነና ትንሿ የፎር ባይ ፎር ማንሻ ኤን (ዜሮ) ካላት እሷን ኤን ላይ ማድረግ አለባችሁ፣ ይሄን ደግሞ ሁሉም ሹፌር አያውቀውም።

ሹፌር ቀጥራችሁ የምታሰሩ ከሆነ ማኑዋል የሚጎዳው እግሩን ከፍሪሲዮን ላይ በማያነሳ ሹፌር ነው፣ አውቶማቲክ ደግሞ መኪናው ሳይቆም ከአር (ከኋላ ማርሽ) ወደ ዲ (ወደ ፊት) በሚመታ። የመጀመሪያው ጥፋት ሸራ ያስቀይራል፣ ሁለተኛው ካምቢዮ። ስለዚህ ነው ሹፌር ለሚቀያየርበት ማኑዋል ያልኩት።

አሁን ዋናው ነገር አመራረጡ ነው፣ ደላላ አጠገባችሁ ቆሞ «ችግር የለበትም» ሲላችሁ ራሳችሁ የምታዩት።

አውቶማቲክ ከሆነ ከባለቤቱ ጋር ቀጥሩና «ሞተሩን ሳታስነሳ ጠብቀኝ» በሉት፣ ቀዝቃዛውን ማየት አለባችሁ። አስነሱ፣ ፍሬን ይዛችሁ አር አስገቡ፣ ከዛ ዲ። ሰከንድ ሁለት ሰከንድ ውስጥ መያዝ አለበት፣ ዘግይቶ ጓ ብሎ ከያዘ እዛው ላይ ብታቆሙት ይሻላል። ከያዘ ግማሽ ሰዓት ንዱት፣ ሲሞቅ ነው ብዙው ችግር የሚወጣው። ማርሽ ሲቀይር የሞተሩ ድምፅ ብቻ ከፍ ብሎ መኪናው ካልተከተለ እያንሸራተተ ነው። በሰዓት 70 እና 90 መሃል ላይ በቀስታ እየነዳችሁ ጎማው አስፋልቱ ላይ የተንቀጠቀጠ የሚመስል ነገር ከተሰማችሁ የኮንቨርተሩ ሎክአፕ፣ ማለትም በፍጥነት ስትሄዱ ኮንቨርተሩን የሚቆልፈው ሸራ፣ ችግር ሊሆን ይችላል። ዳሽቦርዱ ላይ የኦ/ዲ ኦፍ (ኦቨርድራይቭ ጠፍቷል የሚለው) መብራት ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ካምቢዮው ስህተት መዝግቧል ማለት ነው፣ ሻጩ «አምፖሉ ነው» ቢላችሁም ኮምፒውተር ላይ አስነብቡት።

ከዛ መኪናው እንደሞቀ ሜዳ ላይ አቁሙ፣ ሞተሩ እየሰራ ማንሻውን በየማርሹ አሳልፉና ፒ ላይ መልሱ፣ የካምቢዮውን ዘይት መለኪያ ዘንግ አውጡና ነጭ ሶፍት ላይ አንድ ጠብታ ጣሉ። ቀይ ወይም ቀላ ያለ ከሆነ ጥሩ። ቡናማ ሆኖ የተቃጠለ ከሸተተ ሸራው ተበልቷል። ጠብታው መሃል ጥቁር ብናኝ ከቀረ የባሰ ነው። እንጆሪ ጭማቂ በወተት የመሰለ ከሆነ ደግሞ የራዲያተር ውሃ ገብቶበታል፣ ምክንያቱም የካምቢዮው ዘይት ማቀዝቀዣ በብዙዎቹ ራዲያተሩ ውስጥ ነው ያለው፣ እሱ ሲቀደድ ውሃና ዘይት ይገናኛሉ፣ ውሃ ደግሞ የሸራዎቹን ሙጫ ያላቅቃል። ይሄን ካያችሁ ዋጋ አትከራከሩ፣ አመስግናችሁ ሂዱ። ራዲያተሩ በቅርብ የተቀየረ ከሆነም ሁለቱ የዘይት ቱቦዎች ራዲያተሩ ላይ መግባታቸውን እዩ፣ አንዳንዱ ለማኑዋል የተሰራ ራዲያተር ይገጥምና ቱቦዎቹን እርስ በርስ ያገናኛቸዋል፣ እንደዛ ከተደረገ ዘይቱ የሚበርድበት የለም።

ማኑዋል ላይ ምርመራው አጭር ነው። የእጅ ፍሬን ሳቡ፣ እግር ፍሬንም ያዙ፣ ሶስተኛ አስገብታችሁ ፍሪሲዮኑን በቀስታ ልቀቁ፣ ሞተሩ ወዲያው መጥፋት አለበት። ካልጠፋና እየሰራ ከቀጠለ ሸራው አልቋል፣ አንዴ ብቻ ሞክሩት፣ መደጋገም ያቃጥለዋል። ፔዳሉ ጫፍ ላይ ሲደርስ ብቻ የሚይዝ ከሆነም መጨረሻው ቀርቧል። ዜሮ ማርሽ ላይ ቆማችሁ የሚጮህ ነገር ካለና ፍሪሲዮን ስትረግጡ ከጠፋ የካምቢዮው የራሱ ኩሽኔታ ነው፣ ይሄ ከበድ ይላል፣ ስትረግጡ ነው የሚጮኸው ከሆነ ግን ከሸራው ጋር የምትቀየረዋ ኩሽኔታ ናት። እየነዳችሁ ከሶስት ወደ ሁለት አውርዱ፣ ከቧጨረ ሲንክሮናይዘሩ፣ ማለትም ማርሽ ሲገባ ጥርሶቹን ሳይጋጩ የሚያገናኘው ቀለበት፣ ተበልቷል። ቁልቁለት ላይ ነዳጅ ስትለቁ ማርሽ ካመለጠም ካምቢዮው ውስጡ ተበልቷል። የፔዳሉ ጎማ አልቆ ብረቱ እየታየ ቆጣሪው 90 ሺህ ካለ ቆጣሪውን አትመኑት። ኒሳን ናቫራ ዲ40 ከሆነ የምታዩት ደግሞ ቮላኖው ሁለት ክፍል ያለው አይነት ነው፣ እሱ ከሄደ ቶርኖ አያድነውም፣ ስለዚህ ሲነሳና ሲጠፋ ከስር የሚንኳኳ ድምፅ ካለ ወጪውን ጨምራችሁ አስቡ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ከአውቶማቲክ ወደ ማኑዋል የተቀየሩ ፒካፖች አሉ። መጥፎ ናቸው ማለት አይደለም፣ በደንብ ከተሰራ ይሰራል። ግን ማርሽ ውስጥ እያለ ፍሪሲዮን ሳይረገጥ ቁልፍ ሲዞር የሚነሳ ከሆነ፣ ወይ የኋላ ማርሽ መብራት የማይሰራ ከሆነ፣ ኤሌክትሪኩን በግምት አያይዘውት ሊሆን ይችላል፣ ልጆች የሚጫወቱበት ግቢ ለሚያቆም ሰው ይሄ አደጋ ነው።

አውቶማቲኩን መርጣችሁ ከገዛችሁ ደግሞ ዘይቱን ሲቀይሩ አጠገቡ ቁሙ። የብዙ ቶዮታ መለኪያ ዘንግ ላይ የሚፈልገው ዘይት ተጽፏል፣ ዴክስሮን ወይ ቲ-አራት፣ ዘንግ የሌላቸው አዳዲሶቹ ላይ ደግሞ ደብሊው ኤስ፣ እነዚህ አንዱ በሌላው ቦታ አይገቡም፣ «ሁሉም ቀይ ነው» የሚል መካኒክ ካጋጠማችሁ ሌላ ጋ ውሰዱት። በአንድ ማፍሰስ ግማሹም ላይወጣ ይችላል፣ ቀሪው ኮንቨርተሩ ውስጥ ነው ያለው፣ ስለዚህ አፍስሳችሁ፣ ማጣሪያውን ቀይራችሁ፣ ትንሽ ነድታችሁ ድገሙት። ካርተሩ (ከስር ያለው የዘይት ገንዳ) ሲወርድ ከስር ያለችውን ማግኔት አሳዩኝ በሉ፣ ቀጭን ግራጫ ጭቃ የተለመደ ነው፣ በጣት የሚለቀም ብረት ካለ ግን ለሻጩ ወዲያውኑ ደውሉ።