ተቀባይ ያገኘ ዘፈን፦ ሁለቱ የ«ሲንግ» ፊልሞች

ልጅ ላላችሁ፣ ልጆች ለምታስተምሩ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ «ልጄ ዘፈን አበዛ» ብላችሁ ለምትጨነቁ አባቶች፣ «ሲንግ» የተባሉትን ሁለት የአኒሜሽን ፊልሞች እንድታዩ እመክራለሁ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር የመጀመሪያው በ2016፣ ሁለተኛው በ2021 ወጡ። የሠራቸው ኢሉሚኔሽን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ነው፤ ሁለቱንም የጻፋቸውና ያዘጋጃቸው እንግሊዛዊው ጋርዝ ጄኒንግስ ነው። እኔ ሁለቱን እኩል አልወዳቸውም። የመጀመሪያውን ከልቤ እወደዋለሁ፤ ሁለተኛውን የምወደው ለአንድ ትዕይንት ስል ነው።

ደብረ ማርቆስ ውስጥ በአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የክወናና የእይታ ጥበባት አስተምራለሁ፤ የሙዚቃ ክበቡም በእኔ እጅ ነው። ፊልሞቹን ያየኋቸው በሁለት ቦታ ነው። አንዱ ትምህርት ቤት፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ የክፍሉን መስኮት በካርቶን ሸፍነን በፕሮጀክተር፤ ሌላው ቤቴ ውስጥ፣ ከእህቴ ልጆችና ከማቻክል ለሕክምና መጥተው እኛ ዘንድ ከከረሙት አማቴ ጋር።

ታሪኩ የሚካሄደው እንስሳት እንደ ሰው ለብሰው፣ ሥራ ሠርተው፣ ዕዳ ተሸክመው በሚኖሩበት ከተማ ነው። ባስተር ሙን የሚባል ኮዋላ አለ። አባቱ ዕድሜውን ሙሉ መኪና አጥቦ ባጠራቀመው ገንዘብ የገዛለትን ቲያትር ቤት ባንክ ሊወስድበት ደርሷል። የዘፈን ውድድር አዘጋጅቶ ለአሸናፊው 1,000 ዶላር ሊሸልም ያስባል። ማስታወቂያውን የምታዘጋጀው ጸሐፊው ሚስ ክራውሊ፣ አሮጊቷ የእንሽላሊት ዘር፣ የመስታወት ዓይኗ ወልቆ መጻፊያው ላይ ይወድቅና ሁለት ዜሮ ይጨመራል። 100,000 ዶላር የሚል ወረቀት በነፋስ ከተማውን ያጥለቀልቀዋል፤ በማግስቱ የቲያትር ቤቱ በር በእንስሳት ሰልፍ ይሞላል። የሚስ ክራውሊን ድምፅ የሚሰጠው አዘጋጁ ጄኒንግስ ራሱ ነው።

ጎጃም ውስጥ ያደግን ሰዎች፣ እረኛ ከዋሽንቱ ጋር ካልሆነ በቀር፣ ብቻውን የሚዘፍን ሰው ብዙም አናውቅም። በቡሄ አንዱ «ሆያ ሆዬ» ሲል ሌሎቹ «ሆ» ይላሉ። በእንቁጣጣሽ «አበባየሁሽ» ላለችው ልጅ «ለምለም» ብለው የሚመልሱላት ጓደኞቿ ናቸው። በደቦውም ሆነ በሠርጉ ድንኳን አውራጅ ካለ ተቀባይ አለ። ተቀባይ ያጣ አውራጅ ድምፁ የቱንም ያህል ቢያምር ሁለት ስንኝ ሳይሄድ ይዝላል። እኔም ፊልሞቹን የመዘንኳቸው በዚሁ ነው፤ እያንዳንዱ እንስሳ ሲዘፍን ማን ይቀበለዋል?

የሮዚታን ነገር ካነሣሁ አማቴን ማንሣት አለብኝ። ሮዚታ የ25 ልጆች እናት የሆነች አሳማ ናት። አማቴ አሳማ ቴሌቪዥን ላይ ሲያዩ ፊታቸውን አዙረው፣ «ኧረ ሌላ ፍጥረት ጠፍቶ ነው?» ብለው ጥጣቸውን መፍተል ቀጠሉ። የእሳቸውን ስሜት የሚጋራ ተመልካች በአገራችን ብዙ እንደሚሆን አውቃለሁ፤ ስለዚህ አስቀድሜ ተናግሬያለሁ። ሮዚታ ለልምምድ ስትሄድ ልጆቿን የሚይዝላት ታጣለች። ሌሊቱን ሙሉ ገመድና መዘውር ስታያይዝ ታድራለች፤ በማግስቱ ቁርሱን የሚያቀርብ፣ ልጆቹን አልብሶ የሚሸኝ፣ ድምፅዋን ቀድቶ ለባሏ የሚመልስ መሣሪያ ቤቱን ያስተዳድራል። ባልየው ሚስቱ ቤት ውስጥ አለመኖሯን ሳይጠረጥር ወጥቶ ይገባል። አማቴ እንዝርታቸውን አስቀመጡና፣ «የኔ ልጅ፣ ይቺ ሴት ግን መቼ ነው የምታርፈው?» አሉኝ። ከዚያ በኋላ አሳማነቷን አላነሡም። ሮዚታ ማታ በገበያ አዳራሽ ውስጥ ዕቃ እየገዛች ብቻዋን ስትደንስ ደግሞ «እሰይ!» አሉ።

የመጀመሪያውን ፊልም የያዘው ምሰሶ ለእኔ ጎሪላው ጆኒ ነው። አባቱ የዘራፊዎች አለቃ ነው፤ ልጁም የእሱን ሥራ እንዲወርስ ይፈልጋል። ጆኒ ልምምዱንና የአባቱን ዘረፋ አንድ ላይ ለማስኬድ ሲሞክር ማምለጫውን መኪና ይዞ በሰዓቱ ሳይደርስ ይቀርና አባቱ ይያዛል። እስር ቤት ሊጠይቀው ሄዶ እውነቱን፣ ዘፋኝ መሆን እንደሚፈልግ ሲነግረው አባት ልጁን ይክደዋል። ትምህርት ቤት ይህን ትዕይንት ስናይ ክፍሉ ጸጥ አለ። የአብዛኞቹን ልጆች አባቶች አውቃቸዋለሁ፤ ዘራፊ አይደሉም፤ ደጎች፣ ሠርቶ አዳሪዎች ናቸው። ግን «አዝማሪ ልትሆን ነው?» የሚለውን ቃል ቤቱ ውስጥ ያልሰማ ልጅ ክበቤ ውስጥ አላገኘሁም። እኔም ሰምቼዋለሁ። አባቴ ድምፄን ይወደው ነበር፤ ማኅበር ላይ ሰው ፊት እንዳወጣው ግን አይፈልግም ነበር። ያ ቃል ዛሬም ሲታወሰኝ ያመኛል። ዲማና ዋሸራን የመሳሰሉ የቅኔ ጉባኤያት ባሉበት፣ ዜማ ለመማር ልጆች ዓመታት በሚንከራተቱበት አገር፣ ማሲንቆ ያነሣ ሰው ዝቅ ብሎ መታየቱን እስከ አሁን አልተቀበልኩትም።

ጆኒ የሽልማቱን ገንዘብ ሰርቆ አባቱን ሊያስፈታ ይነሣል፤ ባስተር ስለ እሱ የጻፈውን ማስታወሻ ያነብና የተፈጥሮ ዘፋኝ መባሉን ያያል። ይመለሳል፤ ፒያኖ ሊለማመድ ይቀመጣል። በመጨረሻው ምሽት የእንግሊዛዊውን ዘፋኝ የኤልተን ጆንን ዘፈን ሲጫወት አባቱ በእስር ቤቱ ቴሌቪዥን ያየዋል፤ ግድግዳ ጥሶ፣ ጣራ ለጣራ ሮጦ ይመጣል፤ ልጁን አቅፎ እንደሚኮራበት ይነግረዋል፤ ከዚያ ወደ እስሩ ይመለሳል። ለጆኒ ድምፁን የሰጠው ታሮን ኤገርተን ዘፈኑን ራሱ ነው የዘፈነው፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ደግሞ የኤልተን ጆንን ሕይወት በሚተርክ ፊልም ላይ ኤልተን ጆንን ሆኖ ተጫውቷል። ወደ አባትየው ልመለስ፤ ልጁን የተቀበለው ዳኛ ወይም ሽልማት ሳይሆን እሱ ነው። ይህን ያሰበ ደራሲ ዘፈን ምን እንደሆነ ያውቃል።

ዝሆኗ ሚና የዓይን አፋሮቹ ናት። አያቷ ይገፏታል፣ እናቷ ይገፏታል፤ ማይክሮፎኑ ፊት ስትቆም ግን ድምፅ የለም። እንደ እሷ ያሉ ልጃገረዶች በክፍሌ ሞልተዋል፤ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጣል አድርገው ከኋላ ወንበር የሚያንጎራጉሩ፣ ስማቸው ሲጠራ አንገታቸውን የሚደፉ። ቲያትር ቤቱ በጎርፍ ፈርሶ ሁሉም ተስፋ ሲቆርጥ ሚና ፍርስራሹ ውስጥ ቆማ፣ ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ አድርጋ፣ የሚሰማት ያለ ሳይመስላት የሊዮናርድ ኮሄንን «ሃሌሉያ» ትዘፍናለች። ባስተር ይሰማታል። ለሚና ድምፅ የሰጠችው ቶሪ ኬሊ እዚህ ላይ ድምፅዋን ያስቀመጠችበት ልክ ያስደንቀኛል፤ ልትጮህ የምትችል ሴት ቀስ ብላ ትጀምራለች፤ ትንፋሿ ሲሞላ እኛም እንሞላለን። ለተማሪዎቼ ትንፋሽ ሳስተምር ይህን ቦታ ደጋግሜ አሳያለሁ። ከማንኛውም ገለጻዬ በላይ የገባቸው በዚህ ነው።

ጉድለቱን አልሸፍንም። ፊልሙ ከ60 በላይ ዘፈኖችን በ108 ደቂቃ ውስጥ አጭቋል። የመምረጫው ትዕይንት ላይ አንዱ እንስሳ አንድ ስንኝ ሳይጨርስ ሌላው ይተካዋል። ዘፈኖቹን የሚያውቅ አሜሪካዊ ገና የመጀመሪያውን ቃል ሲሰማ ቀሪውን በልቡ ይሞላዋል፤ የእኔ ተማሪዎች ግን ኤልተን ጆንንም ሲናትራንም አያውቁም። እየቀረበ የሚቆረጥ ዘፈን ለእነሱ ጫጫታ ብቻ ነው፤ የሳቁትም በእንስሳቱ ቅርጽ ነው። እዚያው ላይ ጥንቸሎቹ ቂጣቸውን እያወዛወዙ የሚዘፍኑበት ቦታ ለሕፃናት አይሆንም፤ ክፍል ውስጥ ስናይ አሳልፈዋለሁ። አይጡን ማይክን ደግሞ አልወደድኩትም። ቁማር ያጭበረብራል፣ ሁሉንም ይንቃል፣ ቲያትር ቤቱም የፈረሰው በእሱ ዕዳ ምክንያት በመጡት ድቦች ነው፤ በጠንካራ ድምፁ ተጭኖን ይቅር እንድንለው የተፈለገ ይመስላል። ለማይክ ድምፁን የሰጠው ሴት ማክፋርላን ያማረ ድምፅ አለው፤ የማይክ ይቅርታ ግን አንድም ቃል አልተሰማም።

የመጀመሪያው ፊልም ከ600 ሚሊዮን ዶላር በላይ ስላስገባ ሁለተኛው መሠራቱ የሚጠበቅ ነበር። እዚህ ባስተር የራሱ ሰፈር አይበቃውም፤ ሬድሾር ወደሚባለው ታላቅ የመዝናኛ ከተማ ቡድኑን ይዞ ይሄዳል። የሆቴሉና የመድረኩ ጌታ ጂሚ ክሪስታል የሚባል ነጭ ተኩላ ነው፤ ባስተር ዘፈን ካቆመ 15 ዓመት የሆነውን ታዋቂውን አንበሳ ክሌይ ካሎዌይን አመጣለሁ ብሎ ይዋሸዋል። መድረኩ የጠፈር ጉዞ ሆኗል፤ መብራቱ፣ በገመድ መብረሩ፣ የልብሱ ብልጭታ ሁሉ የሚያስደንቅ ነው። እኔ ግን ደከመኝ። በመጀመሪያው ፊልም ሮዚታ የምትዘፍነው ቤቷ ውስጥ ማንም ስለማያያት ነበር፤ እዚህ ጭንቀቷ ከከፍታ መዝለል ብቻ ሆኗል። ደህና ያገኘሁት የጆኒን የዳንስ መምህር ነው፤ ተማሪውን በጓደኞቹ ፊት የሚያዋርድ ዝንጀሮ ነው። ጆኒ የተማረው ከእሱ ሳይሆን መንገድ ላይ ከምትደንሰው ኑሺ ነው። ይህን ክፍል የመምህራን ስብሰባ ላይ ባሳየው ደስ ይለኝ ነበር።

ክሌይ ካሎዌይ ዘፈን ያቆመው ሚስቱ ስለሞተች ነው። እኛ ዘንድ ሐዘን ያለበት ቤት ሬዲዮ እንኳን አይከፈትም፤ ሐዘንተኛው ግን ለብቻው አይተውም፤ ጊዜው ሲደርስ ዘመድና ጎረቤት መጥቶ ጥቁሩን ያስወልቀዋል። አንበሳው ጎረቤት አልነበረውም፤ ራሱን በአጥር ዘግቶ ተቀመጠ። ጊታር የምትጫወተው ጃርት አሽ ቤቱ ድረስ ሄዳ፣ ደጁ ላይ ሆና የራሱን ዘፈን ታንጎራጉርለታለች። በመጨረሻ መድረኩ ጫፍ ላይ ቆሞ «አልችልም» ሲል ዘፈኑን እሷ ታነሣዋለች፤ አዳራሹ ሙሉ ይከተላታል። ዩ2 የተባለው የአየርላንድ የሙዚቃ ቡድን በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1987 ያወጣው ዘፈን ነው፤ የአንበሳውም ድምፅ የቡድኑ ዘፋኝ የቦኖ ነው። አማቴ የቃሉን ትርጉም አያውቁም። የሕዝቡ ድምፅ ከፍ ሲል ግን ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው፣ «ተቀበሉት! ተቀበሉት እንጂ!» እያሉ ማጨብጨብ ጀመሩ። የእህቴ ልጆችም ተከተሏቸው። አንበሳው አፉን ሲከፍት አማቴ እያለቀሱ ነበር፤ እኔም አልቻልኩም። ለዚህ ትዕይንት ስል ያን ሁሉ ብልጭልጭ መታገሤ አይቆጨኝም።

ዕድሜያቸው ከአምስት በታች ለሆኑ ልጆች ሁለተኛውን አላሳይም፤ ተኩላው ባስተርን ከከፍታ ሊጥል የሚሞክርበት ቦታ ያስፈራል። የመጀመሪያው ላይ ጎርፉ ሲመጣ ትንንሾቹን አጠገባችሁ አስቀምጡ። እኔ ያየሁት ቅጂ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ንግግሩን እያቆምኩ በአማርኛ እተረጉማለሁ፤ ዘፈኑ ሲጀመር ግን ዝም እላለሁ፤ እናንተም ዘፈን ላይ አትተርጉሙ። ድምፁን በላፕቶፑ ሳይሆን በደህና ድምፅ ማጉያ አሰሙ። ፍላሽ ላይ የተቀዳ ከተቀበላችሁ ደግሞ ልጆቹን ከመሰብሰባችሁ በፊት እስከ መጨረሻው ክፈቱት፤ መጀመሪያ እጄ የገባው ቅጂ ሚና ለመዝፈን አፏን ስትከፍት የሚቆረጥ ነበር፤ ያን ቅዳሜ ከ40 የማያንሱ ልጆች ወደ ቤታቸው የሄዱት ሳይሰሟት ነው።